ዳኞቹ ያላገኟት ዳክዬ

ለክቡር አቶ ብራድፎርድ ኬሰል
የሜዳማው ምድር የአዳኝ ውሾች ፈተና ማኅበር
የዳኞች ሥልጠና ኮሚቴ ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለተከበሩት ባለቤትዎና ለመላው የኮሚቴዎ አባላት የከበረ ሰላምታዬን በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የተመቸ፣ ምሳዎም ሳይቀዘቅዝ የሚደርስልዎት እንዲሆን እመኛለሁ። ከሁሉም አብልጬ ግን ለጉልበትዎ ጤና እመኛለሁ፤ ከመላ አካልዎ ጉልበትዎን ለይቼ ያነሳሁበትን ምክንያት ደብዳቤዬን እስከ መጨረሻው ካነበቡልኝ ይረዱታል።

እኔ የሬድ ዊሎ ነዋሪ ኢርማ ቶለፍሰን ነኝ። የክለባችን ጸሐፊ፣ የታጣፊ ወንበሮቹ ተሸካሚ፣ ዶናት አመላላሽ፣ ካለፈው ጸደይ ወዲህ ደግሞ በእርስዎ መልካም ፈቃድ ተለማማጅ ዳኛ ነኝ። ይህን የምጽፈው በቁጣ እንዳይመስልዎት። ቁጣ አቅም ይጠይቃል፤ የእኔ አቅም ወንበር በመሸከም አልቋል። ደክሞኛል፣ ክቡር ሆይ፤ ሌላ ምንም አልሆንኩም።

የምጽፍልዎት ስለ አንዲት ውሻ ነው። ማርጎ ትባላለች፤ የወዳጄ የላይል ኦሰን ጥቁር ላብራዶር ናት። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ የኋላ እግሮቿ እየከዷት ስለሆነ ወደ ፒክአፑ የምትወጣው ላይል ከኋላ እየደገፋት ነው። የአዳኝነት ማዕረጓን ለማግኘት አንድ ፈተና ብቻ ቀርቷት ሳለ ክቡር ኮሚቴዎ እስከ መጪው ጸደይ ድረስ ከማንኛውም ፈተና አግዷታል። ከዚህ ዓመት የተረፈው ደግሞ ቅዳሜ ሳምንት በጎረቤት ክለብ የሚደረገው አንድ ፈተና ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ውሃው በረዶ ይሆናል። ጸደይ ለእርስዎ ቅርብ ነው። ለማርጎ ግን እንደዚያ አይደለም፣ ላይልም ይህን ያውቃል።

ቅሬታዎቼን እንደ ደንቡ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. በመጀመሪያ በጸደይ ስለ ሰጡን ድንቅ ሥልጠና ምስጋናዬን ሳላቀርብ ባልፍ ነውር ይሆንብኛል። የውሻ ዳኞችን ለማሠልጠን የመረጡት ሆቴል ውሻ እንዳይገባበት በሩ ላይ በትልቁ የጻፈ መሆኑን ስናይ ለጊዜው ግራ ገብቶን ነበር፤ በኋላ ግን ምንጣፉ አዲስ መሆኑን ሲያስረዱን ገባን። ውሻ በሌለበትም ሰው ውሻ ሆኖ ሊሠራ እንደሚችል ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። ዕድሜ ልኩን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣው ላይል እንደ እኔው ሠልጣኝ ሆኖ መጥቶ ነበርና፣ ምንጣፉ ላይ በአራት እግሩ እንዲቆም በትሕትና አዘዙት። ከዚያም የጨርቅ ዳክዬዎን በወንበሮቹ ረድፍ ላይ አሻግረው ወረወሩና እንዲያመጣልዎት ላኩት።

ላይል ግን ካለበት አልተነቃነቀም። ቀና ብሎ አይቶዎት «ኧረ ጌታው፣ እኔ እኮ ከዚህ ታች ሆኜ የወንበር እግር ብቻ ነው የሚታየኝ! የት ወደቀች?» አለዎት።

እርስዎም ፈገግ ብለው «ውሻ አያወራም፣ አቶ ኦሰን» አሉ፤ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ለላይልም «ትኩረት ያንሰዋል» የሚል ውጤት ተሰጠው። እኔ በበኩሌ ከሁለት ቀን ሥልጠና ውስጥ የተነገረው ቁም ነገር ያ ብቻ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ዝም በል የተባለውም እሱ ብቻ ነበር።

፪. እዚህ እኛ አካባቢ፣ እርስዎ የዳኝነት መመሪያ ጥራዝዎን ከማዘጋጀትዎ በፊት፣ ዳኛን ከተመልካች የምንለየው በሱሪው ነበር። ዳኛ ማለት ማለዳ፣ ማንም ሳይመጣ፣ ውሻው የሚቀመጥበት ቦታ ላይ በጉልበቱ የሚንበረከክ ሰው ነው። ማዶ የቆመው ወርዋሪ ባዶ ጥይት ተኩሶ፣ ውሻው የወደቀችበትን አስታውሶ እንዲያመጣት፣ የሞተች ዳክዬ ይወረውራል፤ ዳኛው ከውሻ ቁመት ሆኖ ስትወድቅ ያያታል፤ ካልታየችው ወርዋሪውን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ያዛውረዋል። በቃ፣ ይኸው ነው። ቀኑን ሙሉ ጉልበቱ ላይ ጭቃ ይዞ ይውላል፤ ማንም አያፍርበትም። በጥራዝዎ ውስጥ ስለ ዳኛ ባርኔጣ አንድ ሙሉ ምዕራፍ አለ፤ ተፈታኝን እንዴት መጨበጥ እንደሚገባ አለ፤ የወንበር አቀማመጥ ከነሥዕሉ አለ። ስለ ጉልበት የተጻፈ ቃል ግን ፈልጌ አጣሁ። ምናልባት በሚቀጥለው እትም ይገባ ይሆናል በሚል ተስፋ ልለፈው።

፫. አሁን ወደ ክለባችን የፈተና ቀን እመጣለሁ። የላኩልን ዳኛ አቶ ትሬንት ኦልምኲስት የሥልጠናዎ ምርጥ ተመራቂ መሆናቸውን ሱሪያቸው መስክሮላቸዋል፤ የካውያው መስመር እንኳ አልተጨማደደም ነበር። ከረዳት ዳኛቸው ጋር ቆመው ዳክዬዋ ከረግረጉ ማዶ፣ ከረጅሙ ፊላ ጀርባ እንድትወድቅ አደረጉ። ቆሞ ለሚያይ ሰው በእውነት ያማረ ነበር። እኔ ተለማማጅ ነኝና አጠገባቸው ሆኜ፣ ከውሻ ቁመት ፊላው እንደሚከልላት፣ አንድ ጊዜ ዝቅ ብለው ቢያዩት ምንኛ እንደሚበጅ በለሰለሰ ቃል ነገርኳቸው።

«ወይዘሮ ቶለፍሰን፣ ተለማማጅ ያያል እንጂ አስተያየት አይሰጥም። ጥራዙ ላይ አለ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው፣ አለ። በእርስዎ ትምህርት ውሻም ተለማማጅም አያወራም፤ እስካሁን እንዲያወራ የተፈቀደለት ጥራዙ ብቻ ነው።

ከዚያ የሙከራ ውሻው ገባ። እንደሚያውቁት፣ ወይም እንደማያውቁት፣ ከሁሉ በፊት የሚሄደው ይህ ውሻ ተፈታኝ አይደለም፤ የሚፈተነው ሜዳው ነው። እሱ ካላገኘ ዳኛው ሥራውን ያስተካክላል። የሙከራ ውሻው ሄደ፣ ዞረ፣ ባዶውን ተመለሰ። አቶ ኦልምኲስት ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ማርክ ሰጡት! «ደካማ» ብለው ጽፈው፣ ፈርመው፣ ወረቀቱን ለባለቤቱ አስረከቡት። ሰውዬው ወረቀቱን እንደ ያዘ ወደ እኔ መጥቶ «ኢርማ፣ ይግባኝ ልበል ወይስ ፍሬም ላድርገው?» አለኝ። በዚህ ጨዋታ ውስጥ ስኖር ብዙ ጉድ አይቻለሁ፤ የሙከራ ውሻ ሲወድቅ ግን ያየሁት በእርስዎ ተመራቂ እጅ ነው።

ተፈታኞቹም በየተራ ገቡ። ተኩሱን ሰሙ፣ ዳክዬዋ ሰማይ ላይ ስትነሳ አዩ፣ ከፊላው ጀርባ ስትጠፋ ግን ዓይናቸው ባዶ ሰማይ ላይ ቀረ። ማርጎም ያው ሆነች። ልደብቅዎት አልፈልግም፣ እሷም አላገኘችም። ውሃውን ተሻግራ የኋላ እግሮቿ እስኪንቀጠቀጡ ድረስ ፈለገች። ላይል ፊሽካውን ነፍቶ መለሳትና ጭንቅላቷን በሁለት እጁ ይዞ «ነይ እናቴ፣ ይበቃሻል። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» አላት። የአቶ ኦልምኲስት ወረቀት ደግሞ «የማስታወስ ችሎታ ይጎድላታል» ይላል። ያላየችውን አላስታወሰችም፣ ክቡር ሆይ፤ በዚህስ ጥፋተኛ ናት።

፬. ቁጥሩን እየሳትኩ ከሆነ ይቅር ይበሉኝ፤ ቀጥሎ ያለው በቁጥር የሚገባ አይደለም።

ፈተናው አለቀና ወደ ማጽዳቱ ገባን። የእኛን ደንብ ያውቁታል፤ አንድም ወፍ ሜዳ ላይ አይቀርም፤ የገደሉትን ጥሎ መሄድ እዚህ አገር ትልቅ ነውር ነው። አቶ ኦልምኲስት የመጨረሻዋን ዳክዬ ሊያነሱ ከረዳት ዳኛቸውና ከወርዋሪው ጋር ወደ ፊላው ገቡ። ፈለጉ። ግራ ቀኝ አሉ። «እዚህ ጋ ነበረች!» ሲሉ ከዳር ሆነን ሰማናቸው። የወደቀችበትን ቀኑን ሙሉ ቆመው ሲያዩ የዋሉ ሦስት ሰዎች ዳክዬዋን አጧት።

በዚህ መሐል ነፋሱ ዞረ። ላይል ማርጎን በማሰሪያዋ ይዞ ወደ ፒክአፑ እየወሰዳት ነበር። ቆመች፤ አፍንጫዋን ቀና አደረገች። የላይል ጣቶች በቁርጥማት ያበጡ ናቸውና፣ አንድ ጊዜ ስትስበው ማሰሪያው ከእጁ አመለጠው። አልሮጠችም፤ መሮጥ ድሮ ቀርቶባታል። ቀስ እያለች ፊላው ውስጥ ገባች፣ ትንሽ ቆይታም ዳክዬዋን በአፏ ይዛ ወጣች። ላይል እጁን ዘርግቶ እየጠበቃት ነበር። በጎኑ አለፈችው። ቀጥ ብላ ሄዳ አቶ ኦልምኲስት ፊት ተቀመጠችና ዳክዬዋን ቀና አድርጋ ያዘችላቸው።

ላይል «ለምን እንዳለፈችኝ እስከ ዛሬ አልገባኝም» ይላል። እኔ ግን ገብቶኛል። ዳክዬ የጠፋባቸው እሳቸው ነበሩ። የጠፋበት ሰው ማን እንደሆነ አይታ ለእሱ ሰጠችው፤ አዳኝ ውሻ የሚባለው ፍጥረት የተወለደው ለዚህ ነው፤ እኔም በዚያ ቅጽበት እንባዬ መጣ።

አቶ ኦልምኲስት ዳክዬዋን ተቀበሉ። እስክሪብቷቸውንም አወጡ። የጻፉትን ኮሚቴዎ በእጁ ይዞታል፦ «በፈተና ሜዳ ላይ ያለ ማሰሪያ የተለቀቀ ውሻ።» ለክለባችን የሜዳ መጸዳጃ እንዲታደስልን የላክነው ማመልከቻ ለዓመታት ጆሮ ዳባ ልበስ የተባለ ሲሆን፣ የማርጎ እገዳ ግን ሳምንት ሳይሞላ በፖስታ ደረሰ። ለዚህ ቅልጥፍናዎ አመሰግናለሁ። ይግባኛችንም በጥር ስብሰባ እንደሚታይልን አረጋግጠውልናል፤ በጥር ያ ረግረግ ላይ ሰው በረዶ በስቶ ዓሣ ያጠምዳል እንጂ ውሻ ዳክዬ አያመጣበትም።

ውሳኔው የደረሰ ዕለት ላይል ደወለልኝ። «ኢርማ፣ ተይው በቃ። እሷ እንደሆነ ማዕረግ አትበላም። እኔ ነኝ የፈለግኩት» አለኝ። ስልኩን ግን አልዘጋውም። ማርጎ ከወዲያ በኩል ውሃ ስትጠጣ ይሰማኝ ነበር።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ልመናዬ አጭር ነው። ማርጎ እንድታልፍ አልለምንዎትም። እገዳዋ ተነሥቶ ቅዳሜ ሳምንት እንድትፈተን ብቻ እለምናለሁ፤ ለዚህም አንድ የስልክ ጥሪዎ ይበቃል። ተንበርክኮ ያየ ዳኛ ፊት ቀርባ ከወደቀች ወደቀች፤ ጨብጠነው አመስግነን እንሄዳለን። እስከዚያው ላይል እንደ ወትሮው ማለዳ ማለዳ ወደ ውሃው ዳር ይወስዳታል፤ ይህንንም ሰምታችሁ እንዳታግዱበት አደራ። የተለማማጅ ዳኝነት ባጄን ከደብዳቤው ጋር አያይዤ መልሻለሁ። ለሚቀጥለው ተለማማጅ ይስጡልኝ፣ የማያወራ ቢሆን ይመረጣል።

ክቡርነትዎ ከምንጣፉ ሳይወርዱ፣ ሱሪዎ ጭቃ ሳይነካው፣ በጤናና በክብር ረጅም ዘመን በወንበርዎ እንዲቆዩ እየተመኘሁ፣ ለሰጡን ትምህርት ዕዳዬን ከፍዬ የማልጨርሰው፣

ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣዎ አገልጋይዎ
ኢርማ ቶለፍሰን
ሬድ ዊሎ፣ ሰሜን ዳኮታ

ግልባጭ፦
ለክለባችን አባላት በሙሉ
ለአቶ ትሬንት ኦልምኲስት፣ ከአክብሮት ጋር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ያቺ ዳክዬ ለይግባኙ ማስረጃ ትሆናለች ብዬ ፍሪዘሬ ውስጥ አስቀምጫታለሁ። ክቡር ኮሚቴዎ ሊያያት ቢፈልግ የቤቴ በር በማንኛውም ሰዓት ክፍት ነው። ያለችው ግን ከሁሉ በታች ባለው መሳቢያ ውስጥ ነውና፣ እሷን ለማየት አንድ ጊዜ መንበርከክ ይኖርብዎታል።