ሲሪሎ፣ ያን ሰንጢ ይዘህ እንዳትሄድ

ሲሪሎ ወንድሜ፣
ከገበያ በርካሽ የገዛኸውን ሰንጢ የሩዙ ጣሳ ውስጥ ደብቄዋለሁ። ስለቱን ከግራና ከቀኝ አቅፈው መዝጋት ያለባቸው ሁለቱ እጀታዎች እንደተኳረፉ ባልና ሚስት አይገጥሙም፣ ስለቱም ሲታጠፍ አንዱን ይፍቃል። ትናንት ስታሽከረክረው ድመቷ እንኳ ፈርታ አልጋ ስር ገባች።

ዛሬ «ሴሊናን ስጡኝ» ልትል የምትሄደው እሱን ይዘህ ነው? አባቷ ጋሽ አምብሮስዮ እኮ ሰንጢ ሠሪ ናቸው። አማች ሊሆን የመጣን ሁሉ መጀመሪያ «ሰንጢህን አሳየኝ» ይላሉ። ያንተን ቢያዩ፣ «ብረት መምረጥ ያቃተው ልጄን እንዴት መረጠ?» ነው የሚሉህ።

ትራሴ ስር ያለውን የአባባን ሰንጢ ውሰድ። እሱ ገጥሞ ይዘጋል።

አባባ ለእኔ ሲሰጠኝ «ሴት ልጅ ምን ታደርግበታለች?» ያልከውን…
ይሁን፣ ተወው።

ሸሚዝህን ተኩሼልሃለሁ። አንገቱ ጋ ትንሽ አቃጥዬዋለሁ፣ ይቅርታ።

ጋሽ አምብሮስዮ «የማን ነው?» ካሉህ፣ የእህቴ ነው በል።

ሊታ