ያላየሁት መጋጠሚያ

ትሪስታን፣

የአውሮፕላንህን የቀኝ ክንፍ በቢላ ቀድጄዋለሁ። እሁድ አባትህን ይዘህ አትበርም።

እዚሁ ሳሎን ውስጥ የሠራኸውን ክንፍ ወደ መስኮቱ ጠጋ ላደርገው ስል ውስጡ ተንቋቋ። የተሸፈነበትን ሸራ ቀደድኩና የውስጡን መጋጠሚያ በአውራ ጣቴ ጫን አልኩት። እንጨቱ ለቀቀ። ሙጫው ጭራሽ አልያዘም።

መጋቢት ላይ ያጣበቅከው ነው። የራሱን ሥራ ራሱ የሚያጸድቅ የለም ብለህ ባትሪውን ሰጠኸኝ።
"አጎንብሰሽ በደንብ እዪልኝ" አልከኝ።
"አይቻለሁ አልኩህ፤ ሸራውን ስፋው በቃ! የሙሽራ ቀሚስ አደረግኸው እኮ" ብዬ የፍተሻ ወረቀቱ ላይ ፈረምኩልህ።
ባቡር ሊያመልጠኝ ነበር።
አላየሁም።

ለአውሮፕላን ተቆጣጣሪው ለሚስተር ፔንጌሊ ደወልኩ።
"ማነው ያየው፣ የኔ ልጅ?" አለኝ።
"እኔ" አልኩት።
ማክሰኞ ጠዋት ይመጣል። ሌሎቹንም መጋጠሚያዎች ማየት ስለሚፈልግ የቀረውን ሸራ አንሳው። የቀደድኩትን እንዳትለጥፈው።

ድንች ሾርባ ምድጃው ላይ አለ፤ ጨው ያንሰዋል።

አባትህ ከሰዓት ደውሎ ነበር። "እሁድ ሰማዩ ጥሩ ነው አሉ፤ ያ ልጅ እንዳያረፍድብኝ ንገሪው" አለኝ። እሺ ብዬ ዘጋሁ። የሚቀመጠው በቀኝ በኩል ነበር።

በስልክ የሚነገር አይደለም። አሁን ወደ እሱ ቤት እየሄድኩ ነው፤ ያላየሁት እኔ ነኝ፣ እኔው ልንገረው። አንተ አትደውልለት።

ውጭ ዝናብ ነው። እንጨቱ እርጥበት እንዳይስብ የሳሎኑን በር ዘግቼ ወጥቻለሁ።

ኢሞጀን