በእኔ ፈንታ በር ስለተገኘበት ስብሰባ

ለክቡር የሰው ሀብት መምሪያ ኃላፊ
ከነሙሉ ምስልዎ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ሦስት ጊዜ ቀርተሃል ስለተባልኩባቸውና ሦስቱንም ጊዜ ስለነበርኩባቸው ስብሰባዎች

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤናን፣ ለቤተሰብዎ ሰላምን፣ ከማለዳ እስከ ሥራ መውጫ እኛን ሲመለከቱ ለሚውሉት ዓይኖችዎ ደግሞ ብርታትን እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ደህንነቴን በምስል እስካላረጋገጡ ድረስ ግን ቃሌን እንዲያምኑ አላስቸግርዎትም።

በስብሰባ ላይ ፊቴ ብዙም ስላልታየ ራሴን ላስተዋውቅ። ከዋናው መሥሪያ ቤት የግማሽ ቀን መንገድ በሚርቀው የመድኃኒት ማከማቻ የተመደብኩ ጀማሪ የአቅርቦት ባለሙያ ነኝ። ከተመረቅኩ ዓመት አልሞላኝም። የስድስት ወር የሙከራ ጊዜዬ ነገ ዓርብ ያበቃል፤ ቋሚ ሠራተኛ ልሁን ወይስ ጓዜን ልሸክፍ የሚለውን የሚወስኑት እርስዎ ነዎት። እናቴ የሥራ ሸሚዜን እስከ ዛሬ ድረስ ከሌላው ልብስ ለይታ ነው የምታጥበው። ዓርብን ከእኔ በላይ የምትቆጥረውም እሷ ናት፤ ትናንት ብቻ አራት ጊዜ «አሁንስ ምን አሉህ?» ብላ ጠይቃኛለች።

እርስዎ እንደሚያስታውሱት፣ ባለፈው ወር ያወጡት መመሪያ የርቀት ስብሰባ ሁሉ በቪዲዮ ብቻ እንዲሆን ያዛል። ፊቱ በስክሪን ላይ ያልታየ ተሳታፊ እንዳልተገኘ፣ የተናገረውም እንዳልተነገረ ይቆጠራል። ሦስት ጊዜ የቀረ የሙከራ ሠራተኛ ውሉ አይጸናም። ለማስረጃም ቃለ ጉባኤ ያዣችን በስብሰባው መዝጊያ ላይ ስክሪኑን ፎቶ ያነሳል፤ በፎቶው ላይ ፊቱ ያለ ነበረ፣ የሌለ አልነበረም። ሰው በሥራው መመዘኑ ስንት ጭቅጭቅ ያመጣ እንደነበር ሳስበው፣ በመልኩ እንዲመዘን ያደረጉልንን ውለታ በምን ቃል እንደምገልጸው ይጨንቀኛል። ስለሆነም ቅሬታ የሚለው ቃል ለእንዲህ ያለ ውለታ ስለማይመጥን፣ ከዚህ በታች ያሉትን ምስጋና ብዬ ቆጥሬያቸዋለሁ።

፩. በመጀመሪያ ስለ ሽንት ቤቱ አመሰግናለሁ። የቅርንጫፋችን ኔትወርክ ድምፅ ያስተላልፋል፤ ምስል ሲሰጡት ግን ይታነቃል። ቪዲዮ አልፎ አልፎ የሚሠራው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እሱም ከሽንት ቤቱ መስኮት ሥር ነው። መመሪያዎን አክብሬ በመጀመሪያው ስብሰባ ከዚያው ብቅ ስል፣ በሃያ አንድ ሰው ፊት «ልጄ፣ ከየት ሆነህ ነው የምትሰበሰበው?» ብለው ስለ እኔ መቸገርዎን ገለጹ። ባልደረቦቼ ማይክራቸውን ዘግተው ሲስቁ አየሁ። በስልክ ቢሆን ኖሮ ይህን ማን ያሳየኝ ነበር? በሚቀጥለው ጊዜ የእናቴን ባለ አበባ አንሶላ ከኋላዬ ብሰቅል ደግሞ «ዛሬስ ሙሽራዋ የት አለች?» አሉኝ። እናቴ አንሶላውን እስካሁን እየጠየቀችኝ ነው።

፪. ስለ መጀመሪያው መቅረቴም አመሰግናለሁ። የማከማቻችን ንብረት ክፍል ኃላፊ ሠላሳ ዓመት የሠሩ ሰው ናቸው፤ ጠዋት ከሰላምታ በፊት የማቀዝቀዣ ክፍሉን ሙቀት ስለሚናገሩ ሁላችንም ጋሼ ዲግሪ ነው የምንላቸው። ዲግሪው የእኔ፣ ማዕረጉ የእሳቸው መሆኑ ነው። አንድ ማክሰኞ ቴርሞሜትሩን አይተው ወደ እኔ እየሮጡ መጡ፤ ጋሼ ዲግሪ ሲሮጡ ያን ቀን ነው ያየሁት። «ስምንት ዲግሪን አልፏል! ምን ትገተራለህ፣ ደውል እንጂ!» አሉ። ዋናው መሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ ነበር፤ ቪዲዮው እምቢ አለ። በስልክ ወደ ስብሰባው ገብቼ፣ መድኃኒቱ ሊበላሽብን ስለሆነ ለቅዳሜ የተቀጠረው ማቀዝቀዣ መኪና ዛሬውኑ እንዲነሳ በአራት ደቂቃ አስረዳሁ። የትራንስፖርት ኃላፊው እዚያው ላይ እሺ አሉ፤ መኪናው ከሰዓት በኋላ ደረሰ፤ መድኃኒቱ ተረፈ። ቃለ ጉባኤው ግን እንዲህ ይላል፦ «ማቀዝቀዣ መኪናው በወቅቱ ተልኳል። የቅርንጫፉ ተወካይ አልተገኘም።» መኪናው ማን እንደጠራው ሳያውቅ የመጣ ጎበዝ መኪና ነው ማለት ነው።

፫. ሁለተኛው መቅረቴ በቪዲዮ ላይ ሆኜ የቀረሁት ነው፤ እንዲህ ያለ ዕድል ለሁሉም አይገጥምም። በዚያ ስብሰባ ላይ የጥገና ባለሙያው የማቀዝቀዣው በር ላስቲክ የተቀደደው ከላይ ይሁን ከታች ጠየቁኝ። በቃል ከምተርክላቸው ብዬ፣ ከመስኮቱ ሥር የላፕቶፑን ካሜራ ፊት ለፊት ወዳለው በር አዞርኩት፤ እግዜር ይስጠው፣ ኔትወርኩም ያን ሰዓት ጨክኖ አልከዳኝም። ባለሙያው «አየሁት! ከታች ነው፤ የዛሬ ሦስት ሳምንት ሰኞ መለዋወጫውን ይዤ እመጣለሁ» አሉ። ቪዲዮ ለሥራ ሲውል በዓይኔ ያየሁት በዚያች ደቂቃ ነው። እርስዎ ግን «ወጣቱ፣ ፊትህን አሳየን እንጂ በር ምን ያደርግልናል!» ሲሉ ፎቶው ተነሳ። በፎቶው ላይ ሃያ አንድ ፊትና አንድ በር አሉ። እኔ ቀርቻለሁ፤ በሩ ተገኝቷል።

፬. ይህ ምስጋና ከሁሉም ይበልጣል፤ ምክንያቱም ደብዳቤ ያስገኘልኝ ስብሰባ ነው። ስለ ተቋማዊ ገጽታ ገለጻ የሰጡበት ዕለት፣ ስብሰባው በተጀመረ በስድስተኛው ደቂቃ የዋናው መሥሪያ ቤት ኔትወርክ ደርቆ ሁላችንም በቃለ ጉባኤ ያዡ ስክሪን ላይ እንደ ሐውልት ቆመን ቀረን። እኔ መድኃኒት ማራገፍ ስለነበረብኝ ተነስቼ ሄድኩ። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ያው የደረቀ ስክሪን ፎቶ ተነሳ፤ በሳምንቱም «ገለጻውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በጥሞና በመከታተል» የሚል የምስጋና ደብዳቤ ከፊርማዎ ጋር ደረሰኝ። በፎቶው ላይ ዓይኖቼ ግማሽ በግማሽ ተከድነዋል። ጋሼ ዲግሪ ደብዳቤውን አንብበው ሲያበቁ «ተኝተህ ነው የተመሰገንከው? እኔ ሠላሳ ዓመት ነቅቼ አንድ መስመር አልተጻፈልኝም» አሉ። መልሱን እርስዎ ቢያገኙላቸው ደስ ይለኛል።

፭. ሦስተኛው መቅረቴ አጭር ነው። መብራት ጠፋ፤ በስልክ ገባሁ፤ ወርኃዊ ሪፖርቴን አቀረብኩ፤ የተጠየቅኩትን መለስኩ፤ አልነበርኩም።

ክቡርነትዎ፣ የቪዲዮ ጠላት አይደለሁም። የተቀደደ ላስቲክ፣ የተሰበረ ጠርሙስ፣ ቁጥሩ የማይነበብ ካርቶን ሲኖር ምስል ካልታየ ሰው ሙሉ ቀን ቢያወራ አይግባባም። አስቸኳይ ነገር ሲመጣ ግን ስልክ ይበቃል፤ ቤቱ እየነደደ ሸሚዝ የሚተኩስ የለም። ይህንኑ በሁለት ገጽ አዘጋጅቼ፣ የትኛው ስብሰባ በስልክ፣ የትኛው በቪዲዮ ቢሆን እንደሚሻል በሠንጠረዥ አሳይቼ ልኬልዎት ነበር። «ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ በቪዲዮ ቀርበህ አስረዳ» የሚል መልስ ደረሰኝ። ሦስት ቀን ከመስኮቱ ሥር ቆሜ ሞከርኩ። ይኸው እንደ ቆምኩ ነኝ።

እዚህ መቆየት እፈልጋለሁ። ይህን ስጽፍ ማሾፌን ትቼዋለሁ። የመደርደሪያዎቹን አቀማመጥ ቀይሬ ጊዜያቸው ቶሎ የሚያልፍባቸውን መድኃኒቶች ወደ ፊት ማምጣት ጀምሬአለሁ፤ ግማሹ ይቀረኛል። ለጋሼ ዲግሪ በስልካቸው ሙቀት መመዝገብ እያስተማርኳቸው ነው፤ እሳቸውም ቴርሞሜትር ሲዋሽ እንዴት እንደሚታወቅ እያስተማሩኝ ነው። ሥራው ገና ሳይጀመር የሚያልቅብኝ ይመስለኛል። ነገ የሚፈርሙት ወረቀት ላይ ሦስቱን «አልተገኘም» ከመደመርዎ በፊት፣ የዚያን ማክሰኞ መኪናውን ማን እንደጠራው አንድ ጊዜ ብቻ ይጠይቁልኝ።

ትዕግሥትዎ እንደ ስክሪንዎ ሰፊ፣ ፍርድዎም እንደ ድምፅዎ የማይቆራረጥ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ፊቴን ዝቅ አድርጌ፣ ይኸውም ከካሜራው ወጣ አድርጌ፣ እጅ እነሳለሁ።

በቃለ ጉባኤ የማይታወቀው
ጀማሪ የአቅርቦት ባለሙያ

ግልባጭ፦
ለጋሼ ዲግሪ፣ እንዲያውቁት
በስብሰባ ለተገኘው የማቀዝቀዣ ክፍል በር

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ልለጥፍ ስነሳ ስልኬ ጮኸ። ዋናው መሥሪያ ቤት ኔትወርክ በመጥፋቱና ጉዳዩም አስቸኳይ በመሆኑ ክቡርነትዎ ነገን ሳይጠብቁ ራስዎ ደውለው፣ ውሌ እንዳልጸናና ከሰኞ ጀምሮ እንዳልመጣ ነገሩኝ። ድምፅዎ ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር። ሆኖም ፊትዎን ስላላየሁ፣ በመመሪያዎ መሠረት እንዳልደወሉ፣ የተናገሩትም እንዳልተነገረ ቆጥሬዋለሁ። ሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት እገባለሁ፤ ላስቲኩ ሲገጠም በሩን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል።