የኋላው ሞላ

ሰኞ፣ ኅዳር 1

የጤና ጣቢያችን ኃላፊ ዛሬም በትሕትና ነው የነገረኝ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ሲስተር ብርቱካን፣ እስከ መጪው ሰኞ እንጠብቅ። ካልተቻለ የቤት ለቤቱን ሥራ ለሌላ ሰው እንስጥና አንቺ ካርድ ክፍል ትቀመጫለሽ። ለወገብሽ ብዬ እንጂ ለሌላ አይደለም» አለኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። እዚህ ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ?

ወገቤ የተጎዳው አምና ክረምት ከግምጃ ቤት ከተማ ስመለስ ጋሪ ተገልብጦ ነው። ባሕር ዳር ያየኝ ሐኪም ጋሪም ፈረስም ሞተር ሳይክልም ከልክሎኛል። «የሚያንገጫግጭ ነገር በሙሉ» ነው ያለው። በእግሬ ብዙ ስሄድ ደግሞ ግራ እግሬ ይደነዝዛል። ባጃጅ ከአስፋልት አይወርድም። የኔ በሽተኞች ያሉት ከአስፋልቱ ወዲያ ነው።

ከሁሉም የሚያሳስቡኝ እማማ ጥሩ ናቸው። ዘንገና ሐይቅ አጠገብ፣ ከትንሿ ወንዝ ማዶ ከልጃቸው ከይታይሽ ጋር ይኖራሉ። ስኳር አለባቸው፤ እግራቸው ላይ ያለው ቁስል ቶሎ ቶሎ መታጠብ አለበት። ከመስከረም ጀምሮ እየተጎተትኩም ቢሆን እሄድላቸው ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ግማሽ መንገድ ላይ እግሬ እምቢ አለኝ። ባልደረባዬ ሄደችልኝ። ጎበዝ ልጅ ናት፤ አዊኛ ግን አትሰማም። እማማ ጥሩ በአማርኛ ሰላምታ ይሰጣሉ እንጂ ሕመማቸውን የሚናገሩት በአዊኛ ነው።

ካርድ ክፍሉ መስኮት የለውም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

ታደለ ከኮሌጅ ሲመለስ ገና ቦርሳውን ሳያስቀምጥ ስልኩን ዘረጋልኝ። ባሌ የእንጨት ሥራ ያስተምራል፤ ዕቃ ሲያይ ዓይኑ ይበራል። ዳንግላ ሱቅ ያለው የትምህርት ቤት ጓደኛው ሙሉቀን የኤሌክትሪክ ሳይክል አስመጥቷል። ጎማው የሞተር ጎማ ያህል ወፍራም ነው። ፔዳሉን ስትረግጪ ሞተሩ ያግዛል፤ ዳገት ላይ አያስለፋም።

ያሉት ሁለት ናቸው። አንዱ ሞላ ያለው ፊቱ ላይ ብቻ ነው፤ ከኋላ ደረቅ ነው። ሌላው ከፊትም ከኋላም ሞላ አለው፤ ከኮርቻው ሥር አንድ ትልቅ ጥምዝምዝ ብረት ይታያል።

ታደለ ወዲያው ወሰነ። «ወገብ ላለበት ሰው ምን ምርጫ አለው? ባለ ሁለት ሞላው ነው።»

እኔም ወዲያው ወሰንኩ፤ በተቃራኒው። ባለ ሁለት ሞላው በጣም ይከብዳል። መገጣጠሚያው ብዙ ነው፤ የኛ ጭቃ ደግሞ የታወቀ ነው። ቢሰበር መለዋወጫ ከየት ይመጣል? ከኋላው ዕቃ መጫኛም አይገጠምለትም፤ የፋሻና የመድኃኒት ሳጥኔን በጀርባዬ ልሸከም ነው? አንደኛው ቀላል ነው። ራሴው አንስቼ ወንዙን ራሴው አሳልፈዋለሁ።

«ራሴው» የምትለዋን ቃል ሦስቴ አልኳት መሰለኝ።

ስለ ገንዘቡ ተነጋግረን ጨርሰናል። እዚህ አልጽፈውም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ዳንግላ ሄድን። ታደለ ሚኒባሱ ላይ ከሾፌሩ ጎን እንድቀመጥ ለመነልኝ። እንዲያም ሆኖ አንድ ጉድጓድ ጥርሴን አስነከሰኝ።

ሙሉቀን ከልቡ ነጋዴ ነው፤ ግን አላጣደፈኝም። «እህቴ፣ እኔ ሁለቱንም ነው የምሸጠው። የቱ እንደሚሻልሽ የሚያውቀው ወገብሽ ነው» አለኝና ሁለቱንም ወደ ደጅ አወጣቸው።

ሳይክል የነዳሁት ተማሪ ሳለሁ ነው። ቀሚስ ለብሼ ባለመምጣቴ ራሴን አመሰገንኩ። አስፋልቱ ላይ ሁለቱም አንድ ናቸው። ሞተሩ ከኋላ እጁን ሰዶ እንደሚገፋ ሰው ነው፤ ሳላስበው ሳቅሁ። ከሱቁ ጀርባ ወዳለው ኮብልስቶን ስገባ ግን ልዩነቱ መጣ። በቀላሉ ሳይክል ስሄድ የየድንጋዩ ምት ኮርቻው ላይ፣ ከዚያም ያቺው የማውቃት ቦታ ላይ አረፈ። ጠንካራ አይደለም፤ በጣት እንደ መጠቆም ነው። በባለ ሁለት ሞላው ስመለስ ያው ድንጋይ ከሥሬ ሲያልፍ አየሁት እንጂ አልተሰማኝም።

ታደለ «እህስ?» አለኝ።

«ያው ናቸው» አልኩት።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም። ቀላሉ ያምራል። አረንጓዴ ነው፤ ስይዘው ይታዘዘኛል።

ሙሉቀን ግን ፊቴን አይቶ ይመስለኛል፣ «ኮብልስቶን ላይ አትሠሪም። ሁለቱንም ውሰዱና በራስሽ መንገድ ሞክሪያቸው፤ ያልፈለግሽውን መልሱልኝ» አለ። ታደለ መታወቂያውን ሊያስይዝ ሲል ተቆጣው። በአንድ ፒክአፕ ጭነን እንጅባራ፣ ቤታችን ገባን። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ አየ። አንዲት ሴት የማን ሠርግ እንደሆነ ጠየቀችን።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ዛሬ በቀላሉ ሳይክል ሄድኩ።

በመጀመሪያ ድሉን ልጻፍ፦ ደረስኩ። ባሕር ዳር የወገብ እንቅስቃሴ የምታሠራኝ ባለሙያ በስልክ በመከረችኝ መሠረት የጎማውን አየር ቀነስኩት። ወፍራም ጎማ አየሩ ሲቀንስ ራሱ እንደ ትራስ ይሆናል። ሣሩ ላይ፣ ለከሰል ከሚተከለው ከዲከረንሱ ዛፍ ሥር ባለው ለስላሳ መንገድ፣ ምንም አልነካኝም። ከሰል የጫኑ ሰዎች መንገድ ለቀቁልኝ። አንዱ አህያ ግን አልለቀቀም፤ እኔ ለቀቅሁለት።

ጭንጫው ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ ላይ ቆሜ ለመውረድ ሞከርኩ። ወንዙ ጋ ስደርስ ወገቤ ይሞቀኝ ነበር። ድልድዩ ሁለት ባሕር ዛፍና የቀርቀሃ ርብራብ ነው። ዳርና ዳሩ ላይ ከፍ ያለ ድንጋይ ስላለ ሳይክሉን ማንሳት ግድ ነው። የፊቱን ጎማ አነሳሁ፤ ከዚያ የኋላውን። ራሴው አሳለፍኩት። ማዶ ላይ ሆኜ ዘወር ብዬ ማንም አለማየቱን ሳውቅ ቅር አለኝ።

እማማ ጥሩ ደጁ ላይ ነበሩ። «ልጄ፣ በምን መጣሽ?» አሉኝ፤ ጎማውን በከዘራቸው ነካ ነካ አድርገው ሳቁ። ቁስሉን ባልደረባዬ በደንብ ይዛዋለች። ጠርዙ ላይ ግን ትንሽ ያልወደድኩት ነገር አየሁ። ከውስጥ እንደሚያቃጥላቸው ለሷ አልነገሯትም ነበር። ለኔ ነገሩኝ። ቅዳሜ እመለሳለሁ ብዬ ወጣሁ።

ስመለስ እግሬ ደነዘዘ። ለታደለ «ጥሩ ነበር» አልኩት። ግማሹ እውነት ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 5

ጠዋት ጫማዬን ማሰር አቃተኝ። አልጋው ላይ ተቀምጬ ወደ ጫማው ሳይ ታደለ ገባ። ተንበርክኮ አሰረልኝ። ሲጨርስም አልተነሳም፤ ቁርጭምጭሚቴን ይዞ ቆየ።

«ያው ናቸው ብለሽኝ ነበር» አለ።

«ለመንገዱ ያው ናቸው ማለቴ ነው።»

«ብርቱካን።»

ሥራ አልሄድኩም። ቀኑን ሙሉ ጠፍጣፋው ፍራሽ ላይ ተንጋልዬ ጣሪያ አየሁ፤ ቆርቆሮው ላይ ዝገት አለ። ሁለቱ ሳይክሎች ሳሎን ውስጥ ተደግፈው ቆመዋል። ቤታችን ጠባብ ናት፤ ሁለት የማናውቃቸው እንግዶች ያደሩብን ይመስላል።

እንዲህ አሰብኩ። በቀላሉ ብሄድ ወገቤ ቀስ በቀስ ይበላሻል፤ ግን የማንንም እጅ አላይም። በከባዱ ብሄድ ወገቤ ይተርፋል፤ ወንዙ ጋ ግን ምን አደርጋለሁ? ሁለቱንም ማግኘት አይቻልም። ደጋግሜ አሰብኩት። አይቻልም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ጠዋት ተሻለኝ። በባለ ሁለት ሞላው ወጣሁ። ታደለ ልሸኝሽ ቢለኝ እምቢ አልኩት።

ጭንጫው ቁልቁለት ላይ የሆነውን ለማመን ይከብዳል። የኋላው ሞላ ይወርዳል፣ ይነሳል፤ እኔ ግን ባለሁበት ነኝ። ከጋሪው ወዲህ ድንጋያማ መንገድ ላይ ትከሻዬን ሳልሰበስብ የሄድኩት ዛሬ ነው። አንድ ቦታ ላይ እያንጎራጎርኩ ራሴን ያዝኩት። ሳጥኔን በጀርባዬ ማዘሌ ብቻ ከበደኝ።

ከዚያ ወንዙ። የፊቱን ጎማ ይዤ ወደ ላይ ሳብኩ። ንቅንቅ አላለም። ባትሪውን አውጥቼ ሞከርኩ። ትንሽ ተነሳና ወገቤ ላይ የሆነ ነገር ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ፤ ቶሎ ለቀቅሁት። ሳይክሉን እዚያ ትቼ እንዳልሻገር ሰው ያልፍበታል፤ የሙሉቀን ንብረት ነው። ከማዶ የእማማ ጥሩ ቤት ጭስ ይታያል። የሰው ድምፅም እሰማለሁ።

ቆምኩ። ቆምኩ። ተመለስኩ።

ያልታጠበ ቁስል ትቼ ተመለስኩ። ስለዚህ ቀን ከዚህ በላይ አልጽፍም።

እሑድ፣ ኅዳር 7

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ይታይሽ ደወለች። «ሲስተር፣ ምነው ትናንት ቀረሽ? እናቴ መንገድ መንገድ ስታይ ዋለች።»

አመመኝ ልላት ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን «መጥቼ ነበር። ወንዙ ድረስ መጥቼ ሳይክሉን ማንሳት አቅቶኝ ተመለስኩ» አልኳት።

«ወንዙ ድረስ?» አለች። «እኔ እዚያው ማዶ ድንች ስቆፍር ነበር እኮ። ብትጣሪ እሰማሽ ነበር።»

«ሥራ አስፈታችኋለሁ ብዬ ነው። የማክማችሁ እኔ ሆኜ…»

«ሲስተር፣ እናቴን በቃሬዛ አስፋልት ድረስ ተሸክመን አውጥተናታል። ሳይክል ያቅተናል ብለሽ ነው?»

ቁስሉን አፍልታ ባቀዘቀዘችው ውኃ እንዴት እንደምታጥበው፣ በምን እንደምትሸፍነው በስልክ ነገርኳት። ጎበዝ ናት፤ እያንዳንዱን ደግማ ነገረችኝ።

ታደለ ደጅ ላይ ቀርቀሃ እየሰነጠቀ ነበር። ከኋላ መጫን ካልተቻለ ሳጥኔ ከፊት ይሁን ብሎ ቅርጫት ሊሠራልኝ ነው። የስልኩን ወሬ ሰምቷል። «እኔ የምትፈሪው ክብደቱን መስሎኝ ነበር» አለ፤ ቀና ሳይል። ከዚያ ቢላዋውን እንዳቀብለው ጠየቀኝ።

አጠገቡ ተቀምጬ ሲሠራ አየሁ። ስለሌላ ነገር አወራን። ቅርጫቱ ትንሽ ጎብጧል፤ አልነገርኩትም።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ባለ ሁለት ሞላውን ይዤ ወጣሁ። ሳጥኑ ከፊት፣ ጀርባዬ ባዶ።

ወንዙ ጋ ስደርስ መጀመሪያ የወጣው ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም። ጉሮሮዬን ጠረግሁና እንደገና ተጣራሁ። «ይታይሽ!» ዛፉ ላይ የነበሩ ወፎች ተነሱ። ከማዶ «አቤት!» አለች። ከጎረቤታቸው ከአቶ አለነ ጋር መጣች። እሳቸው ሳይክሉን ዞር ዞር ብለው አዩና «ይኼማ ጥጃ ነው» አሉ፤ በአንድ በኩል እሳቸው፣ በሌላው በኩል እሷ ሆነው አነሱት። እኔ ቅርጫቱን ይዤ ከኋላ ተከተልኩ። ቀላል አልነበረም፤ ሁለቱም ማዶ ሲደርሱ ያለከልኩ ነበር። ይህን ማየት ነበር የፈራሁት። አየሁት። አቶ አለነ ላባቸውን ጠርገው ስለ ባትሪው ይጠይቁኝ ጀመር፤ በቃ ይኸው ነው።

እማማ ጥሩ እግራቸውን ሊያሳዩኝ እምቢ አሉ። በአዊኛ «በመጀመሪያ ያንቺን ወገብ ንገሪኝ» አሉኝ። ቀልዳቸውን አልነበረም። ስለዚህ ነገርኳቸው። የት እንደሚጀምር፣ ወዴት እንደሚወርድ፣ የቱ ጣቴ እንደሚደነዝዝ። ለሐኪሙ እንኳ እንዲህ ዘርዝሬ የነገርኩት አይመስለኝም። እያዳመጡ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሲበቃቸው እግራቸውን ዘረጉልኝ።

ይታይሽ በደንብ አጥባዋለች። ያ ያልወደድኩት ጠርዝ አልተስፋፋም። አልዳነም፤ ግን አልተስፋፋም። ከሳምንት በኋላ ካልተለወጠ ሆስፒታል እንደምንሄድ ተነጋገርን።

ከሰዓት በኋላ ኃላፊያችን ግቢው ውስጥ ሳይክሉን አየው። ኮርቻውን በመዳፉ ወደ ታች ተጫነው፤ ሞላው ሲመልስለት ደግሞ ተጫነው። «ለካርድ ክፍሉ ሌላ ሰው እንፈልግለታ» አለኝ። እግዜር ይስጥልኝ አልኩት።

ታደለ አረንጓዴውን ለሙሉቀን ሊመልስ ዳንግላ ሄዷል። ከቤት ሲያወጣው እስከ በሩ ተከተልኩት። ያምር ነበር። ይኼኛው በየቀኑ መታጠብ ይፈልጋል፤ ባትሪውንም ቶሎ ይጨርሳል። የኋላው ሞላ አንድ ቀን ቢሰበርብኝ ምን እንደማደርግ አላውቅም። ይሁን።

አዲስ ሥራ ተሰጥቶኛል። ጥርባ በኩል መንታ የወለደች ሴት አለች፤ ነገ ሄጄ ማየት አለብኝ። መንገዱ ላይ ጉድባ አለ ይላሉ። ጉድባው አጠገብ ማን እንደሚኖር አላውቅም። ጠዋት እጠይቃለሁ።