ሳሙና ላይ የቀረው ንጉሥ

ለክብርት የሙዚየሙ ዋና ኃላፊ
በጽሕፈት ቤትዎ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ከትምህርት ቤት መልስ

ጉዳዩ፦ በሙዚየሙ የሳንቲም ክፍል የተለወጠብን ጥንታዊ የብር ሳንቲም እንዲፈለግልን ስለመጠየቅ

አባሪ፦ አንድ የልብስ ሳሙና (ያገለገለ)

ክብርት ሆይ፣

ወደ ፍሬ ነገሩ ከመግባቴ በፊት የፈጸምኩትን ጥፋት በገዛ ፈቃዴ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ልቤም ጤናዬም በቦታቸው እንዳሉ እናዘዛለሁ። የአንድ ጥንታዊ ንጉሥ ፊት የልብስ ሳሙና ላይ ተጭኜ አትሜያለሁ። ሳሙናው አዲስ ነበር፤ ንጉሡ ግን አልነበረም። ቅጣት ካለው ልቀጣ፤ ነገር ግን አቤቱታዬ ተነቦ ካለቀ በኋላ ይሁንልኝ፤ ምክንያቱም ጥፋቴ ማስረጃዬም ነው።

1ኛ. አመልካች ለአዲሱ የሳንቲም ክፍል የብር ሳንቲም ያዋሱት የጡረተኛው የታሪክ መምህር የልጅ ልጅ ነኝ። እሳቸው ከዚህ በኋላ «አባባ» እየተባሉ ይጠራሉ፤ በፊትም የምጠራቸው እንደዚያው ነው። የሰው አያት ስለ ጉልምስናው ጉልበት ያወራል፤ የእኔው አያት የሚያወሩት ስለ ብር ክብደት ነው። ሳንቲሞቻቸውን በትንንሽ የወረቀት ፖስታ እያደረጉ መሳቢያ ውስጥ ደርድረው፣ ሴት አያቴ እማማ የካልሲ ቦታ አጥተው በካርቶን እንዲያስቀምጡ ካደረጓቸው ስንት ዘመን ሆነው።

ከሁሉም የሚወዱት አንዱን ነው። በአንድ ፊቱ አፍንጫው ከፊቱ ቀድሞ የሚሄድ ንጉሥ አለ፤ በሌላው ፊት ፈረስ። ከንጉሡ ራስ በላይ ጠርዙ ላይ በስለት የተቆረጠ ትንሽ ቦታ ይታያል። አባባ አውራ ጣታቸውን እዚያ ላይ ያሳርፉና፣ «እዪው ይሄን። የድሮ ነጋዴ ነው የቆረጠው። ውስጡ መዳብ ይሆን ብሎ ጠርጥሮ። ንጉሡ ጦርነት ባበዛ ቁጥር ብሩ ውስጥ መዳብ ይጨምራል፤ ሰዉ ደግሞ ቢላውን ይዞ ገበያ ይወጣል። የገንዘብ ታሪክ ማለት የጥርጣሬ ታሪክ ነው፣ ልጄ» ይሉኛል። እኔም ይህን እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ስለዚህ በዚህ አቤቱታ ውስጥ ከዕድሜዬ በላይ ተጠራጣሪ ሆኜ ብገኝ ያሳደገኝ ይጠየቅልኝ።

2ኛ. መሥሪያ ቤትዎ ሳንቲሙን ለዕይታ እንዲያውሱት ሲጠይቃቸው አባባ እሺ ከማለታቸው በፊት ሰንበትበት አሉ። ግቢውን ሲዞሩ፣ ለራሳቸው ሲያወሩ፣ «ሙዚየም የገባ ነገር መልኩን ለውጦ ነው የሚወጣው» ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ። በመጨረሻ አንድ ጠዋት ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ፖስታውን በደረት ኪሳቸው ይዘው፣ እኔን አስከትለው መጡ። የተቀበሉን አንገታቸው ላይ ማጉያ መነጽር የሚያንጠለጥሉት የክፍሉ ባለሙያ ናቸው። ስማቸውን ስለማላውቅ «ባለ ሌንሱ» እላቸዋለሁ፤ የአባባ የድሮ ተማሪ ናቸው። ሳንቲሙን በመቆንጠጫ አንስተው፣ «አይዞዎት ጋሼ፣ እንደ አራስ ልጅ ነው የምንይዘው» አሉ። አባባም «እሺ» ብቻ ብለው ወደ በሩ ዞሩ። ያኔውኑ መጠርጠር ነበረብኝ፤ አባባ ነገር በአንድ ቃል የጨረሱበትን ቀን አላስታውስም።

በምትኩ ሙዚየሙ ለአባባ አንድ ወንበር ሰጣቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ በሳንቲሙ ክፍል ተቀምጠው ለሚመጡ ተማሪዎች እንዲያስረዱ ማለት ነው። ክብርት ሆይ፣ ያ ወንበር እግሩ የሚንቀጠቀጥ የእንጨት ወንበር መሆኑን አውቃለሁ። አባባ ግን ሐሙስ ማታ ጫማቸውን መቦረሽ ይጀምሩ ነበር።

3ኛ. ከዚያ ደብዳቤ መጣ። ሳንቲሙ ሲመዘን ክብደቱ እንደጎደለ፣ በቅርብ ጊዜ በቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የተሠራ ቅጂ መሆኑ እንደተረጋገጠ፣ ዕቃውም እንደተመለሰ፣ «ጉዳዩ ተጣርቶ እስኪያልቅ» የቅዳሜው ትምህርት እንደተቋረጠ ይገልጻል። አባባ ደብዳቤውን አንብበው አጠፉት፤ ከዚያም ሻይ ጠየቁ። ሬዲዮ ከፍተው ከዜና አንባቢው ጋር የሚከራከሩ ሰው ሬዲዮው ሲያወራ ዝም ብለው ያዳምጡት ጀመር። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ለብሰው፣ ጫማቸውን አስረው፣ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ቆይተው ጫማቸውን ፈቱ። እማማ በበሩ አይተው ተመለሱ። እኔም አይቻለሁ።

«አባባ፣ አቤቱታ እንጻፍ እንጂ!» ስላቸው፣ «ተዪው፣ ፌንጣ» አሉኝ። ፌንጣ የቤት ስሜ ነው፤ ለምን እንደወጣልኝ እዚህ ላይ ማስረዳት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ ለአንዲት ለሚያንጠባጥብ ቧንቧ ከውሃ ቢሮ ጋር ክረምት ከበጋ የተካሰሱ ሰው «ተዪው» ካሉ አንድ ነገር አለ። እኔ ሐዘን ነው ብዬ ተረጎምኩት።

4ኛ. ስለ ተጠርጣሪዎች። መጀመሪያ የበሩን ጥበቃ ጠረጠርኩ፤ ዓይናቸውን ገልጠው የሚተኙ ሰው ምን እንደሚያዩ አይታወቅም። ቀጥሎ ጽዳቷን ጠረጠርኩ፤ የመስታወት ሣጥኑን የምትወለውለው ከሚገባው በላይ በፍቅር ነው። ሁለቱንም ግን ቶሎ ተውኳቸው፤ ምክንያቱም ባለ ሌንሱ አዲስ ጫማ አድርገው አገኘኋቸው። ቢሯቸው ድረስ ሄጄ ነው። ሳንቲሙን አምጥቼ ጠረጴዛቸው ላይ ሳስቀምጠው፣ «እመቤት፣ ሚዛን አይዋሽም። ሲመጣም እንዲሁ ነው የመጣው» አሉኝ።

«ታዲያ ሲመጣ ለምን አልመዘናችሁትም?»

ባለ ሌንሱ አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለውን መነጽር አንስተው ጠረጉት። «የጋሼን ቃል ማን ይመዝናል?» አሉ። «ሰሌዳ ላይ ‹ሚዛን› ብለው ጽፈው ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።»

ጥሩ መልስ ነው። በጣም ጥሩ መልስ ስለሆነ የበለጠ ጠረጠርኳቸው።

5ኛ. ስለ ማስረጃው። ሳንቲሙ ሊሄድ ነው ሲባል መታሰቢያ ይሆነኛል ብዬ በአንድ ሳሙና ሁለት ፊት ላይ ንጉሡንም ፈረሱንም አተምኳቸው። ከአልጋዬ ሥር ነበር የደበቅሁት። እማማ ግን ከአልጋ ሥር ያለ ሳሙና እንኳ የሚያሸት አፍንጫ አላቸው፤ ባገኘኋቸው ጊዜ የአባባን ካልሲ እያጠቡበት ነበር። ፈረሱ ጠፍቷል፤ ዛሬ አባባ እግር ላይ ነው ያለው። ንጉሡን ግን ከሳፋው ላይ ነጥቄ አተረፍኩት።

ሳንቲሙ ተለውጦ እንደመጣ ያወቅሁ የመሰለኝ ያኔ ነው። ሳሙናው ላይ ንጉሡ ወደ ቀኝ ያያል፤ የተመለሰው ሳንቲም ላይ ወደ ግራ! መንገድ ለመንገድ እየጮህኩ ስሮጥ የአባባ የልብ ወዳጅ የሆኑት ጎረቤታችን ጥርስ ሠሪው ሱቃቸው በር ላይ ያዙኝ። ጥርስ የሚነቅሉ ሐኪም አይደሉም፤ የሰው ድድ ልክ እየወሰዱ ሰው ሠራሽ ጥርስ በቅርጽ አፍስሰው የሚሠሩ ናቸው። ነገሩን ስነግራቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «አንቺ ጉድ! ልክ የተወሰደበት ነገር ሁሉ ግራው ቀኝ ነው የሚሆነው። በይ በመስታወት እዪው» አሉኝ። አየሁት፤ ንጉሡ ዞር ብሎ ወደ ግራ አየ። አፈርኩ። ጥርስ ሠሪው ግን ሳቃቸውን ድንገት አቋርጠው፣ «ለመሆኑ ይሄን ሳሙና አባባሽ አይተውታል?» ብለው ጠየቁኝ። አላዩትም አልኳቸው። «ጎሽ» አሉ። ለምን ጎሽ እንዳሉ ያኔ አላጣራሁም፤ ከሙዚየሙ ጋር ምንም ጉዳይ የላቸውምና ከተጠርጣሪ አላገባኋቸውም።

እፍረቴ ሲበርድልኝ ሌላ ነገር ሞከርኩ። የተመለሰውን ሳንቲም ንጉሡ በታተመበት ጉድጓድ ውስጥ አስቀመጥኩት። ይንቀሳቀሳል! የአባቱን ጫማ እንዳደረገ ሕፃን ወዲህ ወዲያ ይላል። «ሳሙናው ተለውጦ ይሆናል» የሚል ይኖራል፤ ይበል። ሳሙና ሲደርቅ ይኮማተራል እንጂ አይሰፋም፤ ስለዚህ ጉድጓዱ ለሳንቲሙ መጥበብ ነበረበት። በቅርጽ የፈሰሰ ብር ግን ሲቀዘቅዝ ከዋናው ያንሳል፤ ይህን ያስተማሩኝ አባባ ናቸው። ደግሞ ያ የነጋዴው ቁርጥ ሳሙናው ላይ እንደ ቢላ ጫፍ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ የተመለሰው ሳንቲም ላይ ግን ቁርጡ የደነዘዘ፣ ጥርስ ያላወጣ ሕፃን ድድ የመሰለ ነው።

ስለዚህ ከቤታችን መሳቢያ ውስጥ የነበረው ትክክለኛው ነው፤ የተመለሰው ቅጂ ነው፤ በመካከል ያለው ደግሞ መሥሪያ ቤትዎ ብቻ ነው።

6ኛ. ስለዚህ፦ የባለ ሌንሱ መሳቢያ እኔ ባለሁበት እንዲፈተሽ፣ የጫማቸው ዋጋ ከየት እንደመጣ እንዲጠየቁ፣ ሳንቲሙ እንዲመለስ፣ የአባባ ወንበር ወደ ቦታው ተመልሶ መሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ ይቅርታ እንዲጠይቃቸው በትሕት

ክብርት ሆይ፣ ከዚህ በታች ያለው በሌላ ቀለም የተጻፈው የእኔ እስክሪብቶ እዚህ ላይ ስላለቀ ነው። አባባ ከምሳ በኋላ ጋደም ብለዋል። ጃኬታቸው በሩ ላይ ተሰቅሏል፤ እስክሪብቷቸው ሁልጊዜ በደረት ኪሱ ነው። ኪሱ ውስጥ ከእስክሪብቶው ጋር አንድ ትንሽ የወረቀት ፖስታ አገኘሁ። ጠርዙ በመነካካት ብዛት ለስልሷል።

ሳሙናው አጠገቤ ነበር፤ ከፖስታው ያወጣሁትን ሳንቲም የንጉሡ ጉድጓድ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ልክክ አለ። ቢነቀንቁት አይነቃነቅም። የሳሙናው ስለት የነጋዴው ቁርጥ ውስጥ እንደ ቁልፍ ገባ።

ይህን አቤቱታ መቅደድ ነበረብኝ። ግን የቀረኝ ወረቀት ይኸው ብቻ ነው፤ በርዎ ላይ ደግሞ «ስርዝ ድልዝ ያለበት ማመልከቻ አንቀበልም» ተብሎ ተለጥፏል። ስለዚህ ከላይ ያለውን ሳልሰርዝ ስሕተት መሆኑን እዚሁ እጽፋለሁ። ከ4ኛ እስከ 6ኛ ያለውን ሲያነቡ እባክዎ እኔን እያፈርኩ ያስቡኝ።

አሁን ሁሉም ነገር ገብቶኛል። አባባ ሙዚየሙ ይለውጥብኛል ብለው ፈሩ፤ ስለዚህ ቀድመው ራሳቸው ለወጡት። ልኩን የወሰዱት፣ ብሩንም ያፈሰሱት ጥርስ ሠሪው ናቸው፤ ጎሽ ያሉኝም ለዚህ ነው። አባባ መስታወት ውስጥ ተቀምጦ ይታያል እንጂ ይመዘናል አላሉም። ዕድሜያቸውን ሙሉ «ያልተመዘነ ብር አትመኑ» ብለው ያስተማሩ ሰው፣ ያስተማሩት ተማሪ አንድ ቀን ሚዛን እንደሚያወጣ ረሱ። ያ ተማሪ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ያልመዘነው እሳቸውን አምኖ ነው። አባባን አልጋቸው ጫፍ ላይ ያስቀመጣቸው ይኸው ይመስለኛል። ሐዘን አልነበረም።

ስለዚህ ጥያቄዬን እንደሚከተለው አሻሽላለሁ። የማንም መሳቢያ አይፈተሽ። ባለ ሌንሱ ጫማቸውን በጤና ይጨርሱት። ጉዳዩ ወደ ሌላ ቦታ ከመተላለፉ በፊት እስከ ቅዳሜ ይቆይልን፤ አባባን ከነሳንቲሙ ይዤ ለመምጣት እሞክራለሁ፤ ማባበል እችልበታለሁ። ሲመጡ ግን እባክዎ ዝም ብላችሁ አትቀበሏቸው። ሳንቲሙን እፊታቸው መዝኑት። «የጋሼን ቃል ማን ይመዝናል» መባል ይበቃቸዋል፤ እሱ ነው የከበዳቸው። ወንበሩን መልሱላቸው ለማለት አሁን አፍ የለኝም። ከተማሪዎቹ ጋር አግዳሚው ላይ ቢቀመጡም ግን

አልጋው ተንቋቋ። ተነሥተዋል። ጃኬታቸውን ፍለጋ በእጃቸው በሩን ሲዳብሱ ይሰማኛል። ፖስታውን መመለስ ነበረብኝ፤ ንጉሡ ግን ሳሙናው ውስጥ ጥብቅ ብሎ እምቢ አለኝ።

«ፌንጣ!»

በሩ ላይ ቆመዋል። የሚያዩት እኔን አይደለም፤ ሳሙናውን ነው።

ላጠፋሁት ሁሉ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ከነእፍረቴ ከሰላምታ ጋር

ፌንጣ
(ፊርማ)

አንብቤዋለሁ። እውነት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሳንቲሙን ራሴ ይዤው እመጣለሁ፤ ሚዛኑን አውጥታችሁ ጠብቁኝ፤ የሚመዝነውም ያው ተማሪዬ ይሁን። ሳንቲሙ እናንተ ዘንድ ይቅር። ሳሙናውን ግን መልሱልኝ።

የፌንጣ አያት