ባናው አይወጣም

ማክሰኞ፣ ጥቅምት ሚካኤል

ጻፊ ጥሩወርቅ። ሬዲዮኑ ዛሬም አለቀሰ። እኔ ያልሁትን ብቻ ነው የምትጽፊው፤ ልጄ ስለሆንሽ የራስሽን እንዳትጨምሪበት።

ግራዝማች በየነ ለአውቶቡሳቸው ሬዲዮን ገዙ። ሰው በአምላኩና በሾፌሩ ተማምኖ አንኮበር መሄድ አልበቃውም፤ እየተዘፈነለት ይሂድ። እሺ። የሚገጥመው መርዕድ የሚባል ከአዲስ አበባ መጣ፤ ጸጉሩን በቅባት ለጥፎ፣ በጥቅምት ደብረ ብርሃን ሸሚዝ ብቻ ለብሶ። አሁን የኔን ጋቢ ለብሷል።

ሞተሩ ሲጠፋ ሬዲዮኑ እንደ ሰው ያወራል። ሞተሩ ሲነሳ ያላዝናል። ሾፌሩ ሽፈራው ነዳጅ ሲሰጠውማ እንደታነቀች ድመት ነው። መርዕድ "ማሳው ነው" ይላል። ጣሊያኖቹ ማሳ ያሉት፣ መብራቱ በሽቦ ሄዶ በመኪናው ብረት ወደ ባትሪው የሚመለስበት ነው አሉ። መመለሻው ካልጠበቀ የሞተሩ ጩኸት ሬዲዮኑ ውስጥ ይገባል።

ይግባዋ። ምን ቸገረኝ ብዬ ነበር።

ረቡዕ፣ እግዚአብሔር አብ

ቸገረኝ።

መርዕድ ሽቦውን ያላሰረበት የለም። በሩ ማጠፊያ ላይ፤ ጮኸ። ወንበሩ እግር ላይ፤ ጮኸ። ከመሪው ፊት ያለው ሳንቃ ላይ። ሳንቃ!

"እንጨት እኮ ነው" አልሁት።

"ከኋላው ብረት ያለ መስሎኝ" አለ። ተምሬአለሁ ባዩ ጥድና ብረት አይለይም።

ከዚያ ከስር ገባ። ምነው ባልገባ። የአውቶቡሱን ቤት የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ከውስጥ ጥድ፣ ከውጭ ላሜራ። ቤቱ ከሻንሲው፣ ከስር ከተጋደመው ወፍራም ብረት ማለቴ ነው፣ በሚገናኝበት ሁሉ የመንዝ በግ ጠጉር ባና አጥፌ አንጥፌበታለሁ። ብሎኖቹን ሳይቀር ቆዳ አልብሻለሁ። የሌላው ሰው አውቶቡስ እንደ ጣሳ ሲንኳኳ የኔ የማይንኳኳው ለዚህ ነው።

መርዕድ ወጣና "አባባ፣ ያበላሸው የእርስዎ ብርድ ልብስ ነው። ላሜራው ከሻንሲው ጋር አይነካካም" አለ።

"አባትህ አይደለሁም" አልሁት።

ግራዝማች ሰሙ። "ደምሴ፣ ቅዳሜ የአንኮበር ጉዞ ይጀመራል። እስከዚያ ካልተስተካከለ ባናው ይወጣል።"

ስለ አንድ ጯሂ ሳጥን! ባናው በወጣ በሳምንቱ አውቶቡሱ ይንኳኳል፤ ያኔ ሰው "ደምሴ የሠራው ነው" ይላል እንጂ "መርዕድ ያፈረሰው" አይልም። ከዛሬ ጀምሮ የማስጽፍሽ ለዚህ ነው። ቢያፈርሱት ማን እንዳፈረሰው ይታወቅ።

ሐሙስ፣ አቡነ አረጋዊ

ሽፈራው ትንሽ አምፖል አመጣ። "አያ ደምሴ፣ ከመሳደብ ማየት ይሻላል።" አንዱን ሽቦ ከባትሪው፣ ሌላውን ከላሜራው አስነካ። አምፖሉ እንደታመመ ዓይን ፈዘዘ። ሻንሲውን ሲያስነካው ቦግ አለ።

አየሁ። ባናው መብራቱን ይከለክላል። ይከልክል፤ ያስቀመጥሁት ሊከለክል ነው።

"ታዲያ ሻንሲው ላይ እሰሩታ!"

"ወለሉ ይበሳል" አለ መርዕድ።

ወለሌን? አቧራ እንዳይገባ ሳንቃ ከሳንቃ አናክሼ የገጠምሁትን? "አይበሳም። በጣሪያው አዙሩት" ብዬ ቆረጥሁ። በጣሪያው ሄደን፣ በኋላ በር አውርደን፣ ሻንሲው ጭራ ላይ አሰርን። ሞተሩ ተነሳ። ከትናንቱ ባሰ።

መርዕድ ሳቀ። "ማሳ አጭርና ወፍራም ነው የሚወደው። እርስዎ የልብስ ማስጫ ሠሩለት።" ሽፈራውም ሳቀ። አንቺም እየሳቅሽ ነው። እሱንም ጻፊ።

ዓርብ፣ ቂርቆስ

በሳሁት።

መርዕድ መሰርሰሪያውን ሊያነሳ ሲል እጁን መታሁት። የኔን ወለል የሚበሳ እኔ ነኝ። ከሬዲዮኑ ቁልቁል፣ ጣት የማታሳልፍ ቀዳዳ። ሻንሲው ቀለምና ዝገት ለብሷል፤ መርዕድ በሰንጢ ጫር ጫር አድርጎ "ይበቃል" አለ። ለሱ ይበቃል። ሞረድ አምጥቼ እንደ ብር እስኪያበራ ፋቅሁት። ከአሮጌ የባትሪ ገመድ የተቆረጠ ወፍራም ሽቦ፣ ክንድ የማይሞላ። በብሎን ጠበቀ። ውኃ እንዳያገኘው ግራሶ ተቀባ። ቀዳዳዬን በምን ደፈንሁት? በባና።

ሽፈራው አስነሳ፣ ነዳጅ ሰጠ። ዜና አንባቢው አነበበ። ድመቷ የለችም።

"አዩ አባባ?"

"አየሁ። ጋቢዬን መልስ።"

ግራዝማች ግን ደስ ያላቸው አይመስሉም። ባናው ይቆይም አላሉ፣ ይውጣም አላሉ። "ነገ መንገዱ ሲያንገጫግጨው እናያለን" ብለው ሄዱ።

ቅዳሜ፣ ኪዳነ ምሕረት

ግራዝማች ከፊት፣ እኔ ከኋላቸው ተቀመጥን። ሬዲዮኑ ዘፈነ። ሰዉ ዘፈን ሰምቶ እንደማያውቅ አፉን ከፈተ። እኔ ጆሮዬ ወለሉ ላይ ነው።

ወደ አንኮበር ቁልቁለቱ ሲጀምር ተራራው ጣቢያውን ነጠቀው። ዘፈኑ ራቀ፣ ጠፋ። ሽፈራው ሬዲዮኑን ዘጋ። ነዳጅ ሊቆጥብ ሞተሩንም አጠፋው፤ ይህን አመሉን ሌላ ቀን እነግረዋለሁ። አውቶቡሱ ዝም አለ። ጎማውና ንፋሱ ብቻ።

አንዲት ወደ ጎረቤላ የምትሄድ ሴት ነጠላዋን ተከናንባ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። ቀና አለች። "ምነው ቆመ? ደረስን እንዴ?"

"ኧረ እየሄድን ነው!" አሏት።

"ውሸት!" ብላ በመስኮት አየች። ዛፉ ያልፋል።

ግራዝማች ዞር ብለው አዩኝ። እኔም አየኋቸው። በተረከዜ ባናው ያለበትን ወለል መታ አደረግሁ።

ወደ ታች ወርደን ሽፈራው ሞተሩን አስነሳና ሬዲዮኑን ሊከፍት እጁን ሰደደ። ግራዝማች ያዙት።

"ቆይ እስቲ" አሉት። "ትንሽ እንዲሁ እንሂድ።"