ለእናትሽ ሰላምታ የላከው ኢሜይል

ይድረስ ለልጄ፤ እግርሽን ከእንቅፋት፣ ልብሽን ከሐሳብ ይጠብቅልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ወገቤም የሚያመው ሥራ ሲያይ ብቻ ነው።

ሰሞኑን በአንቺ ስም ኢሜይል መጣ። አክስትሽ አነበበችልኝ፦ «አባዬ ታምሜያለሁ፤ ያያያዝኩትን የሐኪም ወረቀት ቶሎ ክፈተው። እማዬንም ሳምልኝ።»

አክስትሽ «ኧረ ልጅቷ ልታልቅብን ነው፣ ልክፈተው!» ብላ ጮኸች።

«እጅሽን ሰብስቢ!» አልኳት። እናቷን የቀበረች ልጅ እንዲህ ትጽፋለች? ያን ቀን ያለወትሮዬ ደውዬ «ደህና ነሽ?» ብዬ የዘጋሁብሽ ለዚህ ነበር።

ኢሜይሉን ያሳየሁት ኮምፒውተር ጠጋኝም «የተያያዘው ቫይረስ ነው፤ ከፍተውት ቢሆን ኖሮ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው የባለቤትዎ ፎቶ ሁሉ ድራሹ ይጠፋ ነበር» አለኝ።

አንቺም በእኔ ስም የተያያዘ ነገር ቢመጣልሽ፣ ድምፄን ሳትሰሚ እንዳትነኪው። ዕድሜሽን ያርዝመው፤ አባትሽ ቢነጫነጭም ስልክ ያነሳል።